«ምን ሆኜ ልመርመር?»

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት ከታላላቆቹ አፍ ያልሰማ ተማሪ በትምህርት ቤታችን ይገኛል ብዬ አላምንም። ትርጕሙም እሳት ጎጆውን ከያዘው በኋላ ወንዝ ሙሉ ውኃ ቢደፉበት ዋጋ የለውም፤ ገና ብልጭ ሲል ግን እፍኝ እርጥብ ቅጠል ያጠፋዋል ማለት ነው። እናቶቻችን ይህን ተረት እየተረቱ ልጆቻቸውን ይመክሩበታል፤ የተጣላ ጎረቤትም ያስታርቁበታል። ነገር ግን ነገሩ የራሳቸውን ጤና የሚመለከት ሲሆን ተረቱን ወደ ጎን ይተዉታል። ይህ የሚሆነው ለምንድን ነው? በዘንድሮው መጽሔታችን ለማስረዳት የምሞክረው ይህንኑ ነው።

ጥያቄው የመጣብኝ ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከቤታችን ነው። እናቴ አንዲት ታላቅ እኅት ነበረቻት። እኔን ፊደል ያስቆጠረችኝ፥ ትምህርት ቤት የገባሁ ለታም እጄን ይዛ እስከ በሩ ያደረሰችኝ እሷ ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት ወገቧን ያማት ጀመር፤ የወር አበባዋ ከተቋረጠ ብዙ ጊዜ ሆኖት ሳለም ደም ይታያት ነበር። «የዕድሜ ነገር ነው፤ ያልፋል» እያለች ወራት አሳለፈች። ለእናቴ እንኳ የነገረቻት ቆማ መሄድ ካቃታት በኋላ ነው። ሐኪም ዘንድ በወሰዷት ጊዜ የማኅፀን በር ካንሰር መሆኑ ታወቀ፤ በሽታውም ከተነሣበት ቦታ አልፎ ሄዶ ነበር። አዲስ አበባ ድረስ ለጨረር ሕክምና ተመላለሰች፤ ይሁን እንጂ ዓመት ሳይሞላት ዐረፈች። በለቅሶው ሰሞን፥ በጤና ጣቢያ የምታገለግል አንዲት ነርስ ጎረቤታችን ከእናቴ አጠገብ ተቀምጣ፥ «ይህ በሽታ እኮ ከመድረሱ ዐሥር ዓመት አስቀድሞ መነሻው ሊታይ ይችል ነበር» ስትል ሰማኋት። ያ ቃል እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ወደ ምክንያቶቹ ከመግባቴ በፊት ስለ በሽታው ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል። ካንሰር፥ በቀድሞው አጠራር ነቀርሳ፥ የሰውነታችን ሕዋሳት ሥርዓታቸውን ትተው ያለ ልክ የሚባዙበት በሽታ መሆኑን በባዮሎጂ ትምህርታችን ተምረናል። ይህ ነገር ማኅፀን ወደ ውጭ በሚከፈትበት በር ላይ የተነሣ እንደ ሆነ የማኅፀን በር ካንሰር ይባላል። በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚደርሱት የካንሰር ዓይነቶች መካከል ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛውን ስፍራ የያዘው ይኸው ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ለ2020 ዓ.ም. በተደረገው ግምት መሠረት፥ በኢትዮጵያ በዚያ ዓመት ብቻ ከ7,000 የሚበልጡ ሴቶች በዚህ በሽታ ተይዘዋል፤ ከ5,000 የሚበልጡትም ሞተውበታል። የሟቾቹ ቁጥር ከታማሚዎቹ ቁጥር ጋር ይህን ያህል የተቀራረበበት ዋናው ምክንያት በሽታው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከመሸ በኋላ በመሆኑ ነው።

የበሽታው መነሻ ለብዙ ዘመን ሳይታወቅ ቆየ። በኋላ ግን ሐራልድ ሱር ሐውዘን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት ባደረገው ምርምር፥ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ከሚባል ተሐዋሲ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። ስለዚህም ሥራው በ2008 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ቫይረሱ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። እጅግ የተስፋፋ ከመሆኑ የተነሣ ከወንዶችም ከሴቶችም አብዛኞቹ በሕይወት ዘመናቸው ሳያውቁት ያገኛቸዋል። በአብዛኞቹም ላይ ሰውነታቸው ራሱ ተከላክሎ በሁለት ዓመት ውስጥ ገደማ ያጠፋዋል። በጥቂቶቹ ላይ ግን ተደብቆ ይቀራል፤ የማኅፀኑን በር ሕዋሳትም ቀስ በቀስ ይለውጣቸዋል። ከዚህ ለውጥ ተነሥቶ ካንሰር እስኪሆን ድረስ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸውና መድኃኒት ያልጀመሩ ሴቶች ግን በ5 ወይም በ10 ዓመት ውስጥ ሊደርስባቸው ይችላል።

እንግዲህ ልብ በሉ። 15 ወይም 20 ዓመት ማለት አንድ ሕፃን ተወልዶ፥ ድክ ድክ ብሎ፥ እኛ ዛሬ ወዳለንበት ክፍል እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው። በሽታው ይህን ሁሉ ዘመን በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ነገር ግን በዚህ ዘመን ሁሉ አያምም፤ አያደማም፤ አያስተኛም። መልካሙም ክፉውም ያለው በዚሁ ላይ ነው። መልካሙ፥ ለማጥፋት ሰፊ ጊዜ መኖሩ ነው። ክፉው ደግሞ ሴትየዋን ወደ ሐኪም የሚገፋት አንዳች ነገር አለመኖሩ ነው።

ቅድመ ምርመራ የሚባለውም ይህን ጊዜ ለመጠቀም የተፈለሰፈ ነው። ጆርጅ ፓፓኒኮላው የተባለ፥ ከግሪክ አገር ወደ አሜሪካ የሄደ ሐኪም፥ ከማኅፀን በር ላይ ጥቂት ሕዋሳት ወስዶ በማይክሮስኮፕ በመመልከት ለውጡን አስቀድሞ ማየት እንደሚቻል ደረሰበት። ባለቤቱም ጤነኛ ሳለች ለብዙ ዓመታት ናሙና እየሰጠች ረድታዋለች። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. ከባልደረባው ጋር ስለዚሁ መጽሐፍ ካወጣ በኋላ ዘዴው በብዙ አገር ተስፋፋ። ሆኖም ይህ ዘዴ ላቦራቶሪና የሠለጠነ መርማሪ ይፈልጋል፤ ውጤቱንም ለመስማት ሌላ ቀን መመለስ ያስፈልጋል። ስለዚህ እንደ እኛ ላለው አገር የሚስማማ ሌላ ዘዴ ተገኘ።

ነርሷ ጎረቤታችን ይህን ዘዴ ባስረዳችኝ ጊዜ ተገርሜአለሁ። የሚሠራበት ነገር አሴቲክ አሲድ ነው፤ ይኸውም ሰላጣ ላይ የምናፈሰው አቼቶ ውስጥ ያለው ነው። ሴትየዋ በአልጋ ላይ ጋደም ትላለች፤ ነርሷም ማያ መሣሪያ አስገብታ የማኅፀኑን በር ትመለከታለች። ከዚያም ከ100 እጅ ከ3 እስከ 5 እጅ አሴቲክ አሲድ ባለበት ውኃ ጥጥ ነክራ ትቀባዋለች፤ አንድ ደቂቃ ያህልም ትጠብቃለች። ሕዋሳቱ የተለወጡበት ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ከሌለ መልኩ አይለወጥም። ነጭ ነገር ታየ ማለት ካንሰር አለ ማለት አይደለም። ወደ ካንሰር ሊያመራ የሚችል ለውጥ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ይህም በጋዝ ኃይል እጅግ በሚቀዘቅዝ ወይም በኤሌክትሪክ በሚሞቅ ትንሽ መሣሪያ በዚያው ቀን ሊወገድ ይችላል። ሴትየዋም በእግሯ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሰፊ ወይም የሚያጠራጥር ሆኖ ከተገኘ ግን ወደ ሆስፒታል ትላካለች። ዘዴው በዓይን የሚታይ እንደ መሆኑ ሊሳሳት ስለሚችል፥ ምርመራው አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚተው አይደለም፤ ነርሷ በምትሰጠው ቀጠሮ በየጥቂት ዓመቱ ይደገማል። በአገራችን በተለይ እንዲመረመሩ የሚመከሩት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ያሉ ሴቶች ናቸው፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ደግሞ ቀደም ብለው እንዲጀምሩና ቶሎ ቶሎ እንዲመረመሩ ይነገራቸዋል።

ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ እናቶቻችን የማይሄዱት ለምንድን ነው? ይህን ለማወቅ በእረፍት ቀናት ቡና በሚጠጣበት ሰዓት እየተገኘሁ በሰፈራችን ያሉትን እናቶች እየጠየቅሁ አዳመጥሁ። አስቀድሜ «ስላልተማሩ ነው» የሚል አሳብ ነበረኝ። ካዳመጥኋቸው በኋላ ግን እያንዳንዷ የምትሰጠው ምክንያት የራሱ ሚዛን ያለው መሆኑን ተረዳሁ።

አንደኛውና ከሁሉ የሚበዛው መልስ «ምን ሆኜ?» የሚል ነው። እናቴም ያለችኝ ይህንኑ ነው። በእኛ ልማድ ሐኪም ቤት የሚሄደው የታመመ ነው። ጤነኛ ሰው ተነሥቶ ሐኪም ቤት ቢሄድ ጎረቤት «ምን አገኛት?» ብሎ ይጨነቃል። ምርመራ የሚለውም ቃል ራሱ ከሕመም ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ጤነኛዋን ሴት «ሄደሽ ተመርመሪ» ማለት «ታመሻል» ብሎ እንደ ማሟረት ይመስላታል። ለዚህ መልስ የሚሆን ምሳሌ የሰጡኝ ገበሬው አያቴ ናቸው። «ጤፍ የሚታረመው አረሙ አዝመራውን ከዋጠ በኋላ ነውን? ገና ሲበቅል፥ ለማያውቅ ሰው ጤፍ መስሎ ሲታይ ነው እንጂ» አሉኝ።

ሁለተኛው ፍርሃት ነው። አንዲት እናት «ያላወቁት በሽታ አይገድልም፤ ካወቅሁት በኋላ ግን እንቅልፍም አይኖረኝ» አሉኝ። ሌላይቱ ደግሞ የተናገሩት ነገር አስደነገጠኝ። «አክስትሽ ደኅና ስትሠራ ስትበላ የነበረች፥ ሐኪም ቤት ከሄደች በኋላ አይደለም ወይ የሞተችው?» አሉ። እኔ ከአክስቴ ሞት «ቀድሞ መመርመር ይገባል» የሚል ትምህርት ሳገኝ፥ እሳቸው ከዚያው ሞት «መመርመር ይገድላል» የሚል ትምህርት አግኝተውበታል። ነገሩን ሳስበው ግን አልፈረድሁባቸውም። በሰፈራችን ሰው የሚያየው ዘግይተው የሄዱትንና የሞቱትን ብቻ ነው። ቀድማ ሄዳ ነጩ ነገር የተወገደላትና የዳነች ሴት እንደ ሌላው ሰው ገበያ ትወጣለች፤ እንጀራ ትጋግራለች፤ መዳኗን ማንም አያውቅም። ሞት ለቅሶ አለው፤ ደኅንነት ግን ድምፅ የለውም። ስለዚህ ካንሰር ሁልጊዜ ገዳይ ሆኖ ይታያል፤ ገዳይ ሆኖ የሚታይ ነገርም ሰውን ያሸሻል።

ሦስተኛው እፍረት ነው። ምርመራው የሚደረገው ሴት ልጅ ከባሏ በቀር ለሌላ በማታሳየው የሰውነት ክፍል ላይ ነው። መርማሪው ወንድ ቢሆን ከበር የሚመለሱ እንዳሉ ነግረውኛል። ከዚህ የባሰው ግን የሰው አፍ ነው። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚመጣ መሆኑ ከተሰማ ወዲህ፥ የምትመረመር ሴት በጠባይዋ የምትጠረጠር የሚመስላቸው አሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በሕይወቷ አንድ ባል ብቻ የምታውቅ ሴት ቫይረሱ ሊያገኛት ይችላል፤ ከመተላለፉም በኋላ ብዙ ዓመት ተደብቆ ስለሚኖር መቼና ከማን እንደ መጣ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ የምርመራው ውጤት የጤና ወሬ እንጂ የጠባይ ምስክር አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ ቫይረሱን በናሙና የሚፈልገውን ምርመራ አስቀድሞ መክሯል፤ ለዚህም ናሙናውን ሴትየዋ ራሷ ብቻዋን ሆና ልትወስድ ትችላለች። ይህ ዘዴ በየስፍራው የተስፋፋ እንደ ሆነ ከእፍረቱ ብዙውን ያቃልላል።

አራተኛው የጊዜና የገንዘብ ነገር ነው። ሐኪም ቤት መሄድ ማለት ለአንዲት እናት የአንድ ቀን ሥራ መተው ነው። ጉሊት የምትቸረችር ከሆነ የዕለት ገቢዋ ይቀራል፤ ሕፃን ካላት የሚይዝላት ያስፈልጋታል፤ ሩቅ ከሆነች የመኪና ትከፍላለች። ይህንንም ለማድረግ ብዙ ጊዜ ባሏን ማስፈቀድ አለባት። ባልዋም በተራው «ምን ሆነሽ?» ይላታል። በቤት ውስጥ ለታመመ ሰው ገንዘብ ይገኛል፤ ላልታመመ ግን አይገኝም።

አምስተኛው «እግዚአብሔር ያመጣውን እሱ ይመልሰዋል» የሚል እምነት ነው። ይህን የነገሩኝ እናት በጠበል ብዙ ሰው ሲድን ማየታቸውን ገለጡልኝ። እኔም እምነታቸውን አልነካሁም፤ ጸሎትና ምርመራ የሚጣሉ አይደሉምና። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ ተጽፏል። በዚያው ቡና ላይ የነበሩት ሙስሊም ጎረቤታችንም «በእኛም ሃይማኖት ሰው መድኃኒት እንዲፈልግ ታዟል» ብለው አገዙኝ። እሳቸውም ቢሆኑ ግን ተመርምረው አያውቁም ነበር። ለምን እንደ ሆነ ብጠይቃቸው «እስከ ዛሬ ማን ጠራኝ?» ብለው መለሱልኝ።

ይህ የመጨረሻው መልስ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ አሳሰበኝ። ከጠየቅኋቸው መካከል ቀደም ሲል የተመረመሩ ሁለት እናቶች ነበሩ። ከሌሎቹ የበለጠ የተማሩ አልነበሩም፤ የበለጠ ደፋሮችም አልነበሩም። አንዷ ልጃቸውን ሊያስከትቡ በሄዱበት ቀን አዋላጇ «እግረ መንገድዎን ይህንንም ያድርጉ፤ ብዙ አይቆይም» ብላቸው ነው። ሁለተኛይቱ የተመረመረች እኅታቸው እጃቸውን ይዛ ወስዳቸው ነው። ሁለቱንም ሰው ጠርቷቸዋል። «ሳይጠሩት አቤት፥ ሳይልኩት ወዴት» ይባል የለም?

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አለመሆኑን ከዚህ ቀጥሎ በምነግራችሁ ታሪክ መረዳት ይቻላል። በእንግሊዝ አገር የማኅፀን በር ምርመራ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይሰጥ ነበር። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት የሚመረመሩት በራሳቸው አሳብ የመጡት፥ ወይም በሌላ ጉዳይ ሐኪም ዘንድ የተገኙት ብቻ ስለ ነበሩ የሟቾቹ ቁጥር እንደ ታሰበው ሊቀንስ አልቻለም። በ1988 ዓ.ም. ግን አሠራሩ ተለወጠ። ዕድሜዋ ለምርመራ ለደረሰ ለእያንዳንዷ ሴት፥ ስሟ ከመዝገብ እየወጣ የጥሪ ደብዳቤ በየጊዜው ይላክላት ጀመር። ከዚያ በፊት በወቅቱ የተመረመሩት ከሚገባቸው ሴቶች ግማሽ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ከ100 ከ80 በላይ ሆኑ። የሟቾቹም ቁጥር እየቀነሰ ሄደ። ሴቶቹም ምርመራውም የቀድሞዎቹ ናቸው፤ የተለወጠው በስማቸው መጠራታቸው ነው።

በእኛ አገር ለእያንዳንዷ እናት ደብዳቤ መላክ አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን ከደብዳቤ የሚበልጥ ጠሪ አለን። ከ20 ዓመት በላይ በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ እድር አለ፤ ማኅበር አለ፤ የቡና ጎረቤት አለ። ጥሪው ከማያውቁት ሰው በድምፅ ማጉያ ሲመጣ ማስታወቂያ ይሆናል፤ ከሚያውቁት ሰው አፍ ሲመጣ ግን ግብዣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ አይገባኝም። ጥፋቱ ሁልጊዜ ያልሄደችው ሴት አይደለም። ከጎረቤቶቻችን አንዷ ደፍረው ሄደው፥ «ዛሬ ይህን የምትሠራዋ ነርስ ሥልጠና ሄዳለች፤ ሌላ ቀን ይመለሱ» ተብለው ተመልሰዋል። ለሁለተኛ ጊዜ ሲሄዱም የማቀዝቀዣው ጋዝ አልቆ ስለ ነበር ምርመራው አልተደረገም። ለሦስተኛ ጊዜ አልሄዱም። እኔም ብሆን አልሄድም ነበር። ሰውን መጥራት መልካም ነው፤ ነገር ግን የጠራ ሰው ቤቱን ማዘጋጀት አለበት። እንግዳ ጠርቶ ምድጃውን አጥፍቶ የሚጠብቅ የለምና።

አሁን በሰፈራችን የሆነውን ልናገር። ነርሷ ጎረቤታችን አንድ እሑድ በቤታችን ቡና ላይ ተገኘች። ንግግር አላደረገችም፤ አላስፈራራችምም። «ረቡዕ የምመረምረው እኔ ነኝ፤ ሴት ነኝ፤ ዕቃውም ተሟልቷል፤ ጠዋት በ2 ሰዓት ከዚሁ በር ተሰብስባችሁ ኑ» ብቻ አለች። እናቴ እንደ ልማዷ «ምን ሆኜ?» አለች። ነርሷም ፈገግ ብላ «ምንም ስላልሆንሽ ነው የምጠራሽ፤ የሆንሽ ለታማ ራስሽ ትመጫለሽ» አለቻት። ሁሉም ሣቁ። አባቴ በጓዳ ሆኖ ይሰማ ነበርና ወጥቶ «ረቡዕ ሱቁን እኔ እዘጋለሁ፤ ሕፃኑንም እይዛለሁ» አለ። እኔ ከዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ የእናቴን እግር ያነሣው ይህ ይመስለኛል።

ረቡዕ ጠዋት አምስት ሆነው ሄዱ። እየተሳሳቁ ሲሄዱ ላያቸው ሰው ወደ ሠርግ ቤት የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። ከምሳ በፊት ተመለሱ። የእናቴን ውጤት እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነውና። የአንዷን ግን ራሳቸው «ስሜን አትጥሪ እንጂ ነገሩን ጻፊው፤ ሌላ ሰው ይማርበት» ስላሉኝ እጽፋለሁ። ነጭ ነገር ታይቶባቸው በዚያው ሰዓት በሚሞቀው መሣሪያ ተወገደላቸው። ጥቂት ቁርጠት ተሰማቸው እንጂ ሌላ ነገር አልደረሰባቸውም። ለክትትልም ቀጠሮ ተሰጣቸው። እኚህ እናት ከአምስቱ ሁሉ ይልቅ «ለሌሎቹ አጃቢ ልሁን» ብለው የሄዱት ናቸው። ዛሬ ግን በየቡናው የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ድምፅ የለውም ያልሁት ደኅንነት በሰፈራችን አንድ አፍ አገኘ ማለት ነው።

የተከበራችሁ ወላጆች ሆይ፥ በተለይም አባቶች፥ ለእናቶቻችን የሚያስፈልጋቸው ምክር ብቻ አይደለም፤ የአንድ ቀን ጊዜና የሚያግዝ እጅም ነው። የተከበራችሁ መምህራን፥ የወላጆች ስብሰባ በሚደረግበት ቀን የጤና ጣቢያ ነርስ ለዐሥር ደቂቃ ብትጋበዝ፥ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ብትናገር፥ ብዙ ፍሬ ያፈራል ብዬ አምናለሁ።

ውድ እኅቶቼ፥ ለእኛ ደግሞ እናቶቻችን ያላገኙት ዕድል ተሰጥቶናል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የዚህ ቫይረስ መከላከያ ክትባት በአገራችን ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ሲሰጥ ቆይቷል። እኔም በ14 ዓመቴ በትምህርት ቤት ተከትቤአለሁ። በዚያ ጊዜ «ያመክናል» የሚል ወሬ ተነሥቶ ከትምህርት ቤት የቀሩ ጓደኞች ነበሩኝ። ወሬው ሐሰት ነው፤ ክትባቱ በብዙ አገር በሚሊዮን ለሚቈጠሩ ልጃገረዶች ተሰጥቶ መካንነትን የሚያመጣ ሆኖ አልተገኘም። ከማኅፀን በር ካንሰር ከ100 እጅ 70 ያህሉን የሚያስከትሉትን ሁለቱን የቫይረሱን ዓይነቶች፥ ማለት 16ኛውንና 18ኛውን ይከላከላል። ሁሉንም ዓይነቶች ስለማይከላከል ግን የተከተበችም ልጅ ዕድሜዋ ሲደርስ መመርመር አይቀርላትም። የዓለም የጤና ድርጅት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ባወጣው ዕቅድ፥ እስከ 2030 ዓ.ም. በየአገሩ ከ100 ልጃገረዶች 90ዎቹ እስከ 15 ዓመታቸው እንዲከተቡ፥ ከ100 ሴቶች 70ዎቹ በ35 ዓመታቸውና እንደ ገና በ45 ዓመታቸው እንዲመረመሩ፥ ችግር ከተገኘባቸውም ከ100 90ዎቹ እንዲታከሙ ተወስኗል። እንግዲህ ከ70ዎቹ አንዷ እናታችን እንድትሆን መጥራት የእኛ ፋንታ ነው።

ውድ ወንድሞቼም፥ «የሴቶች ነገር ነው» ብላችሁ ይህን ገጽ አትለፉት። የሁላችንም እናት አለችና።

ስለዚህ ይህን መጽሔት ይዛችሁ ቤት ስትገቡ፥ እናታችሁ ዕድሜዋ ለምርመራው የደረሰ እንደ ሆነ፥ «እማዬ፥ የማኅፀን በር ምርመራ ተደርጎልሽ ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቋት። አሳፋሪ ጥያቄ ይመስላል፤ እኔም አፍሬ ነበር። ከአክስቴ መቃብር እንደ ተመለስን ያሳለፍነውን ሌሊት ሳስበው ግን እፍረቱ ቀለለኝ። እሷም «ምን ሆኜ?» ማለቷ አይቀርም። በዚያን ጊዜ መልሱ አጭር ነው፦ «ምንም እንዳትሆኚብኝ።»